ድር፣ ማግና ጎረቤት



ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ገጽ ለማንበብ የበቃችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህ ንግግር አስቀድሞ በሬዲዮ የተነገረ ነው። አሁን ደግሞ በወረቀት ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። በጆሮአችሁ የሰማችሁትን በዓይናችሁ ተከተሉት። ረዘም ያለ ቃል ቢገጥማችሁ አትደንግጡ። እንደ ጥጥ ፈልቀቅ ፈልቀቅ እያደረጋችሁ አንብቡት።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልብስ ነው። ልብስ ስንል የሱቁን ማለታችን አይደለም። በእጅ ተፈትሎ በእጅ ስለሚሠራው ስለ ጋቢ፣ ስለ ነጠላና ስለ ቡሉኮ ነው የምንነጋገረው። ቦታው ደግሞ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ናቸው፤ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ሰርቦ፣ ጪራ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ፊደል ስትማሩም ሳትጽፉት አትቀሩም። ድሩ የሸረሪት ድር ነው የሚል ሰው አለ። የሸረሪትም ይሁን የሸማኔ፣ እኔን አንድ ነገር ይገርመኛል። ተረቱ ስለ ድሩ ይነግረናል እንጂ ድሩን ስላደራው ሰው ምንም አይለንም። ስለ ፈተለችውም ሴት ዝም ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሁለቱ እንነጋገራለን፤ ስለ ፈታይዋና ስለ ሸማኔው።

ለመሆኑ አንድ ጋቢ ትከሻችን ላይ እስኪያርፍ ድረስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል? እስቲ እንቁጠር።

ጥጥ ቆላ ይወዳል። የጅማ ዙሪያ ዝናብ አይለየውም፤ ለቡና ይስማማል እንጂ ለጥጥ አይመችም። ስለዚህ ጥጡ ከቆላው መምጣት አለበት። ከጊቤ፣ ከጎጀብና ከኦሞ ሸለቆ በኩል ይመጣል። እንግዲህ የደጋው ሰው ከቆላው ሰው ጋር ካልተገናኘ ገና ከጅምሩ ልብስ የለም ማለት ነው። ይህም የዛሬ ነገር አይደለም። አሁን የጅማ ከተማ ያለችበት ቦታ ጥንት ሂርማታ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ግድም የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው ነበር፤ ቤቱ እስከ ዛሬ ይታያል። እሳቸው ነጋዴን የሚያቀርቡ ሰው ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ላይ ቡና፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨውና የጥጥ ልብስ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። ጎጀብን ተሻግሮ የመጣ ሰው ሸማውን ሸጦ ጨው ገዝቶ ይመለሳል።

ጥጡ ተገዝቶ ቤት ገባ እንበል። በመጀመሪያ ፍሬው ይወጣለታል። ልሙጥ ድንጋይ ላይ ይደረግና በብረት ዘንግ ይዳመጣል። ፍሬው አንድ በአንድ እየፈነጠረ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ አባዝተው እንደ ደመና ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ እንዝርት ትመጣለች።

እንዝርት ምንድን ናት? ቀጭን እንጨት ናት፤ ክብ ነገር ተሰክቶባታል። ሴትዮዋ ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቃታለች፤ በሌላው እጇ ጥጡን ትስባለች። ክሩ ሲበዛ ልቃቂት ይሆናል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት! ክሩ አንድ ጊዜ ይወፍራል፣ አንድ ጊዜ ይሳሳል፣ ከዚያ ብጥስ ይላል። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ልጅ የሚያጠባ ሰው ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ለመፍተል ወራት ይፈጅበታል።

እንዝርት ግን እንደ ወፍጮ አንድ ቦታ የምታስቀምጥ አይደለችም። ጎረቤት ቡና ሲፈላ ይዘዋት ይሄዳሉ። አንዷ ቡና ትቆላለች፤ ሌሎቹ ይፈትላሉ። በጅማ ዙሪያ አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ ጥጥን «ጂርቢ» ይለዋል። እዚያው ረከቦት ዙሪያ የከፋ ሴት ትኖራለች፤ የዳውሮ፣ የጉራጌ፣ የአማራ ሴት ትኖራለች። አነጋገሩ ይለያያል፤ እንዝርቷ ግን አንድ ናት። ወንዱ በዚያ ሲያልፍ «ደግሞ ለወሬ ተሰበሰቡ!» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ፣ ማን እህል አለቀባት፣ ማን ልትወልድ ደረሰች፣ ይኸ ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው። የታወቀ ችግር ደግሞ ሰው ይደርስለታል። ያልታወቀ ችግር በር ዘግቶ ይቀራል።

ደግሞም የገንዘብ ነገር አለ። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያን ጊዜ ትልቅ ትንሹ ጫካ ይገባል፤ እንዝርት ትሰቀላለች። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በአንድ ጊዜም ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የቡናው ገንዘብ የሚገባው በአባወራው እጅ ነው። ክረምት ሲገባ ቡናው አበባው ፍሬ ይዞ አረንጓዴ ነው፤ ኪሱ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሴትዮዋ የፈተለችው ፈትል የራሷ ነው። ልትሸጠው ትችላለች፤ ለልጇ ልታሠራበት ትችላለች። በቡና አገር ክረምትን ያሻገረው ቡና ብቻ አይደለም፤ ልቃቂትም ነው።

«መፍተል የአሮጊት ሥራ ነው» የሚል ወጣት ካለ ይህን ይስማ። በህንድ አገር ማህተማ ጋንዲ የሚባሉ ታላቅ ሰው ነበሩ። ሕግ የተማሩ ጠበቃ ናቸው። አገራቸው በእንግሊዝ ስትገዛ የእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ የህንድን ሸማኔና ፈታይ ሥራ አሳጣ። ታዲያ ጋንዲ በየቀኑ ቁጭ ብለው ይፈትሉ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም እንዲፈትል ይለምኑ ነበር። የእነሱ መፍተያ ባለ መንኮራኩር ነው፤ የእኛዋ እንዝርት ናት። ሥራው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ሸማኔው እንሂድ።

ሸማኔው ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን እዚያ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል። ከፊቱ በርዝመት የተወጠሩት ክሮች ድር ይባላሉ። በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ክር ማግ ይባላል። ማጉ በቀሰም ተጠንጥኖ በመወርወሪያ ውስጥ ይገባል። ሸማኔው በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ይመታል። እንደገና ይረግጣል፣ ይወረውራል፣ ይመታል። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከገበያ ይገዛል፤ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን ግን አሁንም የእጅ ፈትል ያደርገዋል፤ የሚያሞቀው እሱ ነውና። ነጠላ ስስ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ቡሉኮ ከሁሉም ይከብዳል፤ የቤተሰብ ቅርስ ሆኖ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በጅማና በአካባቢዋ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዳውሮና ከኮንታ የመጡ ወይም ከዚያ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። አገሩ ቀድሞ የከፋ ክፍለ ሀገር አካል ሆኖ ኩሎ ኮንታ አውራጃ ይባል ነበር። ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረም አለ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችን ታገኛላችሁ። የዶርዜ ሸማኔዎች ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብን። ልብሱን ወደን ለብሰን፣ ሠሪውን የምንንቅ ሰዎች ነበርን። «ነበርን» ስል አንዳንዱ ዛሬም አልተወውም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ይሉት ነበር። ሴት ልጅ አይድሩለትም፤ አንዳንድ ቦታ አብረውት አይበሉም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዚህ ነገር አዋጅ አስነግረዋል። ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው የሚሰድበው እኔን ነው አሉ። አዋጁ ጥሩ ነበር፤ አፍ ግን ቶሎ አልተዘጋም። በ1970ዎቹም ሸማኔዎች በየከተማው በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደርጎ ነበር። እሱም ለአንዳንዱ ጠቅሞታል።

ይህ ንቀት ምን እንደሚያመጣ አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር አንድ ሸማኔ ነበረ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልጇን በጥር ልትድር አስባ ክረምቱን ሙሉ ለቡሉኮ ፈተለች። በነሐሴ ፈትሉን ሰብስባ ባለ ሱቁ ዘንድ አስመዘነች። 3 ኪሎ ከ250 ግራም ሆነ። ለሸማኔው ሰጠችው። እሱም ሠራላት። በጥር መግቢያ ቡሉኮውን ስትቀበል ልቧ ተጠራጠረና እንደገና ሱቅ ወስዳ አስመዘነችው። 3 ኪሎ ሆነ፤ ጠብ አላለም። ሩብ ኪሎ ፈትል የት ገባ?

«ሸጦብሻል» አሏት። ሸማኔው «የሰጠሽኝን ሁሉ ሠርቼዋለሁ፤ የተረፈውንም ቁርጥራጭ ይኸው» ብሎ በእፍኙ አሳያት። በቁርአን ልማል አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው አላመኑትም፤ ሸማኔ ነዋ! ያ የድሮ ስድብ ተመዞ ወጣ። የሩብ ኪሎውን ዋጋ ክፈል ተባለ፤ ከፈለ። በሳምንቱ የሸማ ሥራ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን እግሩን ይከትበት የነበረውን ጉድጓድ አፈር መልሶ ደፈነው። እኛ ልጆቹ ቆመን ስናይ ትዝ ይለኛል። አንድም ቃል አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሴቶች ፈትላቸውን ተሸክመው የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ጀመሩ።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ተጀመረ። ትምህርቱ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። እኛም መንደር አንድ ወጣት አስተማሪ መጣ፤ ማታ ማታ በኩራዝ ያስተምር ነበር። ያቺ ሴት ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ፊደሉ አልቆ ወደ ቁጥር ሲደርሱ አስተማሪው ሚዛን ተውሶ አመጣ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርዳል። «የምትመዝኑት ነገር አምጡ» አላቸው። ሴቶቹ ልቃቂት አመጡ። እየደማመሩ ሲመዝኑት ልክ 1 ኪሎ ሆነ። በደብተራቸው ጻፉት። ልቃቂቱም በዘንቢል ተደርጎ እንዳይጠፋ ከምድጃው በላይ ተሰቀለ። በአምስተኛው ቀን የመቀነስን ሒሳብ ሊያስተምራቸው ፈልጎ ያንኑ ልቃቂት መልሰው እንዲመዝኑት አደረገ። 920 ግራም ሆነ።

ሁሉም ዝም አለ። ማንም አልነካውም። አይጥ እንኳ አልደረሰበትም።

አስተማሪው ነገሩን አስረዳቸው። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፈትሉ ውኃ ይይዛል፤ በእጅ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል እንጂ ይከብዳል። በጋ ሲሆን፣ ወይም እሳት ሲያገኘው፣ ያ ውኃ ይወጣል። ፈትሉ አልጎደለም፤ የጎደለው ውኃው ነው። በዚያ ላይ ሸማኔው ሲያደራና ሲመታ ብናኝ ይረግፋል።

ሴትዮዋ እርሳሷን አስቀመጠች። «እንግዲያ ያን ሰው በዝናብ ውኃ ነው የከሰስኩት» አለች።

በማግስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተነሥታ ሄደች። ሸማኔውን ጠይቀው ጠይቀው በሌላ ከተማ አገኙት። ቡና ይዘው ነበር፤ ያስከፈሉትንም ገንዘብ መለሱለት። ይቅርታ ጠየቁት። ይቅርታውን ተቀበለ፤ ቡናውንም አብሯቸው ጠጣ። «ወደ መንደርህ ተመለስ» ሲሉት ግን «እዚህ ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ» አላቸው። አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስብ። ሴትዮዋ ውሸታም አልነበረችም። ሸማኔው ሌባ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ክፉዎች አልነበሩም ብንል ይሻላል። ግን በነሐሴ የተመዘነ ፈትልና በጥር የተመዘነ ልብስ አንድ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሰው የማያውቀውን ነገር በድሮ ንቀቱ ይሞላዋል። ያ ሸማኔ የሽማግሌዎቹ ዘመድ ቢሆን ኖሮ «እስቲ ቆይ፣ እንመርምረው» ይባል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህ ነገር ለምን ያሳዝናል? ልብሱ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ነው። ሕፃን ሲወለድ በነጠላ ይታቀፋል። ሙሽራ ስትወጣ ቡሉኮ ይጫንላታል። ሰው ሲሞት ሙስሊሙ በነጭ ከፈን፣ ክርስቲያኑ በነጭ መግነዝ ይሸኛል። በጅማ አካባቢ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ እድር ውስጥ ሆነው አብረው ሲቀብሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ የምትሄድ ሴት ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ፊቷ፣ ወደ አንገቷ ታደርገዋለች። በመንገድ ያገኛት ሰው ሳይጠይቃት ሐዘን እንዳለ ይረዳል። ይገርማችኋል፣ ፊደል ሳናውቅ በፊት ልብስ እናነብ ነበር!

አሁን የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየሱቁ ሞልቷል። ዋጋው ይረክሳል፤ ቶሎም ይገኛል። ይህን የሚገዛ ሰው አይወቀስም። በክረምት ልጁ የሚበርደው ሰው እስከ ጥር ቆይ አይባልም። ነገር ግን የሱቁ ብርድ ልብስ ከባለ ሱቁ በቀር ከማንም ጋር አያገናኘንም። ቡሉኮው ከቆላው ገበሬ፣ ከፈታይዋ ጎረቤቶች፣ ከሸማኔው ጋር ያገናኘናል። ሲያገናኘን ደግሞ ያጣላናል፤ እንዳየነው ነው። የማይገናኝ ሰው ብቻ ነው የማይጣላው። ስለዚህ ሥራው እንዲቀጥል ከፈለግን የሚያጣላውን ነገር አስቀድመን መጠበቅ ይኖርብናል። ለዚህም አሁን የተማራችሁት ፊደልና ቁጥር ይበቃል።

እንግዲህ እርሳስና ወረቀት አምጡ። ቤታችሁ ውስጥ ለሸማኔ የሚሰጥ ፈትል ካለ አሁኑኑ እንጻፍ።

በላይ በኩል የባለ ፈትሏን ስም ጻፉ። ከሥሩ የሸማኔውን ስም ጻፉ፤ ስሙን እንጂ የሥራውን መጠሪያ አይደለም። ሰው ስም አለው። ቀጥሎ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ። ወሩን አትርሱ! ነሐሴ ነው ወይስ ጥር? ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ከተቻለ ፈትሉን ከመመዘናችሁ በፊት አራት አምስት ቀን ከምድጃው በላይ አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ከዚያ ስንት ኪሎ፣ ስንት ግራም እንደሆነ በቁጥር ጻፉ። ልቃቂቱ ስንት ፍሬ እንደሆነም ቁጠሩና ጻፉ። የሚሠራው ልብስ ጋቢ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ወይስ ቡሉኮ? ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው? በማን ክንድ? ይኸም ያጣላል፤ የሴትዮዋ ክንድና የሸማኔው ክንድ እኩል አይደለም። ሜትር ካላችሁ በሜትር ለኩ። የእጅ ዋጋው ስንት ነው? ቀብድ ስንት ተሰጠ? ድሩን የሚገዛው ማን ነው? ሁሉንም ጻፉት። የሚተርፈው ቁርጥራጭ ለማን እንደሚሆንም ተነጋግራችሁ ጨምሩበት።

ይህን በሁለት ወረቀት ጻፉት። አንዱ ለሸማኔው ይሰጠዋል፤ ሌላው እናንተ ዘንድ ይቀመጣል። ሸማኔው ገና ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የተሳሳተ ነገር ካለ እሱ ያርማችሁ። ከዚያ ሁለታችሁም ፈርሙ። ልብሱ አልቆ ስትረካከቡ ወረቀቱን እንደገና አንብቡት፤ የልብሱንም ሚዛን ከነወሩ ከሥሩ ጻፉበት። ወረቀቱን ከቡሉኮው ጋር አጥፋችሁ ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ልጃችሁ ስታገባ ቡሉኮውን ስትወስድ፣ ማን እንደፈተለውና ማን እንደሠራው አንብባ ታውቃለች።